ማዶና «ዩ» ስትል ማንን ነው? የ«ኤቪታ»ን የፊልም አልበም በአማርኛ ጆሮ የማድመጥ መመሪያ

በ1989 ዓ.ም. ፒያሳ ከነበሩት ካሴት ቤቶች በአንዱ «ኤቪታ» የተባለውን የሙዚቃዊ ፊልም አልበም አስቀድቼ ነበር። ባለሱቁ ሁለቱንም ሲዲ በአንድ የ90 ደቂቃ ካሴት ላይ ስለገለበጠልኝ፣ ማዶና ከአንቶኒዮ ባንዴራስ ጋር ቫልስ እየተቀባበለች ሳለ ክሩ ያልቅና ድምፁ ይቋረጥ ነበር። አልበሙ ከ100 ደቂቃ በላይ እንደሚረዝም፣ የኦስካር ሽልማት ያገኘውም ዘፈን ከተቆረጠው ክፍል ውስጥ እንደነበረ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን አራት ኪሎ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ «ማዶና ድምፅ የላትም» እያልሁ በሙሉ ልብ ተከራክሬያለሁ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የፖፕ ኮከብ የተጫወተችበትን የሙዚቃዊ ፊልም አልበም በሥርዓት ማድመጥ ለሚፈልግ ሰው ነው። ምሳሌዬ አንድ አልበም ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዘዴው ተደጋግሞ በአንድ ሥራ ላይ ካልተሞከረ አይለመድም። ዘዴውም ከራሳችን ቋንቋ የሚነሣ ነው። እንግሊዝኛ «ዩ» በሚል አንድ ቃል የሚያልፈውን አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብሎ እንዲለይ ይገደዳል። ምስል በሌለበት አልበም ላይ ዘፋኟ የምታናግረው ማንን እንደሆነ የሚነግረን ድምጿ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን «ዩ» ወደ አማርኛ ተውላጠ ስም ለመመለስ የሚሞክር አድማጭ የአዘፋፈኗን ብቃት ሳያስበው መመዘን ይጀምራል።

ከማድመጥ በፊት

አልበሙ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 በሁለት መልክ ወጥቷል፦ ሙሉው ታሪክ የሚገኝበት ባለሁለት ሲዲ እና የተመረጡ ዘፈኖችን ብቻ የያዘ ባለአንድ ሲዲ። የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። በስልክ የሚያደምጥ ሰው አጠቃላይ ርዝመቱ ከ100 ደቂቃ ማለፉን ያረጋግጥ፤ ዘፈኖችን እያዘበራረቀ የሚያጫውተውንም ምልክት ያጥፋ። በዚህ አልበም ቅደም ተከተል ማለት ዕድሜ ማለት ነውና፣ ከተዘበራረቀ ሴትዮዋ ሞታ እንደገና ስትወለድ እንሰማለን።

የስልክ ድምፅ ማጉያ አይበቃም። ትንሿ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አታወጣም፤ እስትንፋስንም ትውጣለች። የማዶና ሥራ በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ስላለ፣ ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ፣ ረዳቱ በየፌርማታው እየተጣራ፣ ይህን አልበም ሰማሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። እኔ እሑድ ከሰዓት በኋላን እመርጣለሁ፤ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ቡናውም ተጠጥቶ ስለሚያበቃ ማንም ከመሃል አይጠራኝም። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ስልኩን አስቀድሞ መሙላት፣ አልበሙንም ማውረድ ይበጃል።

ከዚያ ታሪኩን ማወቅ ይገባል፤ ፊልሙ ከሞላ ጎደል ንግግር የለበትም፣ ሁሉም ነገር የሚባለው በዜማ ነው። «ኤቪታ» እየተባለች የምትጠራው የአርጀንቲናዋ ኤቫ ፔሮን እ.ኤ.አ. በ1919 ከጋብቻ ውጭ ተወለደች፤ በ15 ዓመቷ ከክፍለ ሀገር ወደ ቡዌኖስ አይረስ ሄደች፤ በዚያም የሬዲዮ ተዋናይት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1944 ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች ዕርዳታ በሚሰበሰብበት ጊዜ ከኮሎኔል ሁዋን ፔሮን ጋር ተዋወቀች፤ በ1946 እሱ ፕሬዚዳንት ሲሆን እሷ የአገሪቱ ቀዳማዊት እመቤት ሆነች፤ ሐምሌ 26 ቀን 1952 በካንሰር ሞተች፤ ገና 33 ዓመቷ ነበር። የሬዲዮ ተዋናይት እንደነበረች አስምሩበት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዜማው የአንድሪው ሎይድ ዌበር፣ ግጥሙ የቲም ራይስ ነው። ሥራው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1976 በአልበም መልክ ወጣ፤ በ1978 ለንደን ውስጥ፣ በ1979 ብሮድዌይ ላይ መድረክ ወጣ። ፊልሙን ያዘጋጀው አለን ፓርከር ሲሆን፣ ማዶና ኤቫን፣ ጆናታን ፕራይስ ፔሮንን፣ ባንዴራስ ደግሞ ቼ የተባለውን ተራኪ ሆነው ተጫውተዋል።

ድምፁ የተቀረጸበትን ሁኔታ ማወቅ

ይህን ክፍል ብዙ አድማጭ ይዘለዋል፤ እኔ ግን አልዘለውም። ማዶና ድርሻውን ለማግኘት ለአለን ፓርከር በእጇ የጻፈችው አራት ገጽ ደብዳቤ እንደላከችለት ይታወቃል። ድርሻውን ካገኘች በኋላ ጆአን ሌደር ከተባለች የድምፅ አሠልጣኝ ጋር ለረጅም ጊዜ ሠራች፤ ከለመደችው ከፍ ብሎ የሚወጣውን የድምፅ ክልሏን ማጠንከር፣ እስትንፋሷንም ከሆድ መሳብ መማር ነበረባት። በሌላ በኩል አንዳንዶቹ ዘፈኖች ለእሷ እንዲስማሙ ኪያቸው፣ ማለትም የዜማው መነሻ ከፍታ፣ ዝቅ ተደርጎላቸዋል። ይህ በእኛም አገር ያለ ነው፤ አንድ ድምፃዊ የሌላውን ዘፈን ሲጫወት «በኔ ኪይ አድርጉልኝ» ማለቱ ድክመት ተደርጎ አይቆጠርበትም።

ቀረጻው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1995፣ ሰኞ ዕለት ተጀመረ። በዚያ ቀን ማዶና 84 ሙዚቀኞች ባሉት ኦርኬስትራ ፊት፣ ዜማውን የደረሰው ሰው እያየ፣ ከሥራው ሁሉ የታወቀውን ዘፈን እንድትዘፍን ተደረገ። ፍርሃት ያዛት፣ ቀኑም በለቅሶ አበቃ፤ የፊልሙ ሠራተኞች ያንን ዕለት «ጥቁር ሰኞ» ብለው ሰየሙት። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ፦ ኦርኬስትራው በትልቁ ስቱዲዮ ለብቻው፣ እሷ ደግሞ በለመደችው ዓይነት አነስ ያለ ስቱዲዮ ለብቻዋ ተቀረጹ፤ ድምጿ እንዲያርፍም ቀን በቀን መቅረጽ ቀረ። ሥራው ወደ አራት ወር ፈጀ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይዘን እንቀጥል። አንደኛው፣ በአልበሙ ላይ የምንሰማው ድምፅ ማይክራፎን አጠገብ፣ በጠባብ ክፍል የተዘፈነ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ቀረጻው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ማለቁ ነው። ማዶና በቡዌኖስ አይረሱ ቤተ መንግሥት በካሳ ሮሳዳ ሰገነት ላይ የቆመችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያን ጊዜ ከንፈሯን የምታዛምደው ወራት ቀድሞ ከተቀረጸው ድምጿ ጋር ነበር። ስለዚህ ስቱዲዮ ውስጥ «እናንተ» ስትል ከፊቷ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡን በሐሳቧ ማቆም ነበረባት። እዚያ ላይ ተሳክቶላታል ወይ? የማድመጡ ሥራ ይህን መመርመር ነው።

መጀመሪያ ዝም ብሎ መስማት፣ ከዚያ ደብተር

የመጀመሪያው ዙር ያለ ማስታወሻ ይሁን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆም መሰማት አለበት፤ ቢበዛ በሁለቱ ሲዲዎች መካከል ውኃ መጠጣት ይቻላል። እንግሊዝኛው ሁሉ ባይገባ አያሳስብ።

ለሁለተኛው ዙር ግጥሙን በእጅ ይዞ፣ ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፍሎ መቀመጥ ይገባል። በመጀመሪያው ዓምድ የዘፈኑ ስም፣ በሁለተኛው የምታናግረው ሰው በአማርኛ ተውላጠ ስም፣ በሦስተኛው ደግሞ ያን ተውላጠ ስም እንድንመርጥ ያደረገን የድምፅ ምልክት ይጻፋል፦ እስትንፋስ፣ ዝግታ፣ ቃል ማጥበቅ ወይም ማላላት። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከቀረ ተውላጠ ስሙን ያገኘነው ከታሪኩ እንጂ ከድምጿ አይደለም ማለት ነው፤ እንደዚያ በሆነበት ሁሉ ዘፋኟ ጎድላለች ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ከከተማዋ ስም የተሰየመውን «ቡዌኖስ አይረስ»ን እንውሰድ። ኤቫ ከተማዋን ታናግራታለች፤ በአማርኛ ከተማ አንቺ ናት፣ አዲስ አበባንም አንቺ እንላታለን። ማዶና እዚህ ቃላቱን በጥርሷ እየነከሰች፣ ከምቱ ትንሽ እየቀደመች ትዘፍናለች፤ ሰፈር ከመግባቷ በፊት ስሟን እንደምታስጠራ ልጅ ናት። አንቺ የሚለው ምርጫ አያጠራጥርም።

«አናዘር ሱትኬዝ ኢን አናዘር ሆል» ግን ሌላ ነው፤ ርዕሱ ሌላ ሻንጣ በሌላ መተላለፊያ እንደማለት ነው። በመድረኩ ሥራ ይህን ዘፈን የምትዘፍነው ኤቫ ከፔሮን ቤት የምታባርራት ልጃገረድ ነበረች። ፊልሙ ከእሷ ወስዶ ለኤቫ ሰጠው፤ ልጃገረዷን ሆና የተጫወተችው አንድሪያ ኮር የቀረላት ከዜማው ጥቂት ቅንጭብ ነው። በዚህ ለውጥ የተቆጡ የመድረክ አፍቃሪዎች አሉ። እኔ ግን ለውጡ የአልበሙ ትልቁ ትርፍ ነው ባይ ነኝ፤ ኤቫ ገና ሳትጀግን፣ ከተማ ውስጥ መጠለያ ያጣች ልጅ ሆና የምትሰማበት ቦታ ተገኝቷልና። በሁለተኛው ዓምድ ምን ይጻፍ? ማንንም አታናግርም፤ ራሷን ነው የምትጠይቀው። ድምጿ ይቀጥናል፣ የቃላቱ መጨረሻ ወደ አየር ይሟሽሻል። በቀደመ አልበሞቿ ማዶና ስታዝንም እንኳ እንደምትታይ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ እዚህ ላይ የሚያያት ሰው ያለ አይመስልም።

ቀጥሎ ፔሮንን የተዋወቀችበት «አይድ ቢ ሰርፕራይዚንግሊ ጉድ ፎር ዩ» አለ፤ ለእርስዎ ከሚገምቱት በላይ እሆንልዎታለሁ እንደማለት ነው። ርዕሱን ስተረጉም እጄ በራሱ «እርስዎ» ብሎ ጻፈ። ምክንያቱን ስመረምር አገኘሁት፦ በዚህ ዘፈን ውስጥ ማዶና አትቸኩልም፣ እያንዳንዱን ሐረግ ጨርሳ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ታላቅ ሰው ፊት ቆሞ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው እንደሚያደርገው። ልመናው ጨዋ ነው፣ ውስጡ ግን ስሌት አለ። የእህቴ ልጅ አብራኝ ስታደምጥ «ጋሼ፣ ይህቺ ሴት እኮ አንቱ እያለች ነው የምታጠምደው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ በደብተሬ ውስጥ የለም።

ሁለት የትርጉም ወጥመዶች

የታወቀው ዘፈን «ዶንት ክራይ ፎር ሚ አርጀንቲና» በአማርኛ ሲመለስ ችግር ያመጣል። «አርጀንቲና ሆይ፣ አታልቅሺልኝ» እንበል ወይስ «አታልቅሱልኝ»? የመጀመሪያው አገሪቱን እንደ እናት ወይም እንደ እህት ያናግራል፤ ሁለተኛው ከሰገነቱ በታች የቆመውን ሕዝብ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። አድማጩ ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ፣ በየስንኙ አንዱን እንዲመርጥ እመክራለሁ። እኔ በመግቢያው ስንኞች ላይ «እናንተ» እላለሁ፤ ድምጿ ዝቅተኛ ነው፣ የምታስረዳ፣ ትንሽ የምትሰጋ ናት። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ዜማው ይነሣል፣ አናባቢዎቹ ይረዝማሉ፣ «አንቺ» የሚለው ይመጣል። ሌላ ሰው በተቃራኒው ሊመርጥ ይችላል፤ ምክንያቱን ከድምፁ ጠቅሶ እስካሳየ ድረስ አልከራከረውም። አታልቅሱ እያለ የሚያስለቅስ ንግግር መሆኑም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ ማጽናናት፣ ወርቁ ልመና ነው።

ይኸው ዜማ በአልበሙ ውስጥ ሦስት ጊዜ መመላለሱን ማስተዋል ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚመጣው በኤቫ አፍ አይደለም። በቀብሯ ዕለት ቼ «ኦ ዋት ኤ ሰርከስ» በሚለው ዘፈን ለቅሶውን ሲያላግጥበት ዜማውን ቀድሞ ይወስደዋል። ቼ የአዝማሪ ሥራ ነው የሚሠራው፦ በየግብዣው ጥግ ቆሞ፣ ባለቤቱ ፊት፣ ባለቤቱን ይሸነቁጣል። ስለዚህ ኤቫ ሰገነት ላይ ስትወጣ የምትዘፍነው ቀድሞ የተፌዘበትን ዜማ ነው፤ ማዶና ከባንዴራስ ሻካራ ጩኸት በኋላ ያንኑ ዜማ ማንጻት አለባት። ሦስተኛው በመጨረሻው የሬዲዮ ንግግሯ ላይ ነው። እዚያ የምትሞት ሴት ናት፤ ስንኙን ለመጨረስ አየር የሚያጥራት ያህል ትሰማለች። ሦስቱን ለይቶ አውጥቶ በተከታታይ ማጫወት ይጠቅማል፤ ቅደም ተከተሉን ማፍረስ የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው። አንድ የትዝታ ዜማ ስንት ሰው ስንት ዓይነት ግጥም እንደሚያስገባበት የሚያውቅ አድማጭ፣ ዜማ ሳይለወጥ ባለቤቱ ሲለዋወጥ ለመስማት ጆሮው የተዘጋጀ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ «ዩ መስት ላቭ ሚ» ነው። ይህ ዘፈን በመድረኩ ሥራ ውስጥ አልነበረም፤ ሎይድ ዌበርና ራይስ ለፊልሙ አዲስ ጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1997ም ምርጥ ወጥ ዘፈን ተብሎ ኦስካር አገኘ። ማዶና በጥር ወር ጎልደን ግሎብ ተሸልማ ነበር፤ ለኦስካር በተዋናይነት ግን አልታጨችም። ርዕሱ ሁለት ፍቺ አለው። «ልትወደኝ ይገባል» ሲባል ትእዛዝ ወይም ልመና ነው፤ «ለካ ትወደኛለህ» ሲባል ግን ግኝት ነው። መታመሟን ያወቀች ሴት፣ ከእንግዲህ ለሥልጣኑ የማትጠቅመው ባሏ አሁንም አጠገቧ መቀመጡን ታያለች። ዘፈኑ በፒያኖና በቼሎ ብቻ ሰብሰብ ብሎ ይጀምራል፤ ኦርኬስትራው የሚሸፍናት ነገር ስለሌለ እያንዳንዱ ትንፋሽ ይሰማል። እዚህ ላይ «እርስዎ» ቀርቷል፤ «አንተ» ናት። ሁለቱን የፔሮን ዘፈኖች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ፣ «እርስዎ» የት ቦታ ላይ እንደወደቀ መፈለግ የዚህ መመሪያ ዋና ልምምድ ነው። እኔ በመጀመሪያ ሐረጎች ውስጥ «ይገባል» የሚለውን፣ ወደ መጨረሻው «ለካ» የሚለውን ሰማሁ። ካሴቴ ይህን ዘፈን ሳይዝ ነው ስንት ዓመት የፈረድሁባት።

ከሌሎች ዘፋኞች ጋር ማወዳደር

ውድድር ለሚወድ ሰው መስኩ ሰፊ ነው። በ1976ቱ አልበም ጁሊ ኮቪንግተን ዘፍናዋለች፤ የእሷ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1977 በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ለንደን መድረክ ላይ ኢሌን ፔጅ፣ ብሮድዌይ ላይ ፓቲ ሉፖን ተጫውተውታል። ሲወዳደሩ ግን ሥራቸው የተለያየ መሆኑ መረሳት የለበትም። መድረክ ላይ የቆመች ሴት ድምጿ የመጨረሻው ወንበር ድረስ መድረስ አለበት፤ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቲያትር ኋላ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ሹክሹክታ እዚያ እንደማይደርስ ያውቃል። ማዶና ያ ግዴታ የለባትም፤ ማይክራፎኑ ሹክሹክታዋን ጆሯችን ሥር ያመጣዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ «ኤ ኒው አርጀንቲና»ን እና ኤቫ ለአውሮፓ ጉዞዋ የምትዋብበትን «ሬይንቦ ሃይ»ን ማወዳደር ይገባል። እዚህ የሉፖን ድምፅ እንደ ጅራፍ ነው፤ ማዶና አትደርስባትም፣ ዝቅ ባለው ኪይም እንኳ ጥረቷ ይሰማል። «ሬይንቦ ሃይ» ላይ የምታናግረው አልባሾቿን ነው፤ «እናንተ፣ ቶሎ!» የሚል ትእዛዝ ሊሰማ ሲገባ የሚሰማው ጥድፊያ ነው። ይህን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ስለወደድናት መሸፋፈን የለብንም።

ከዚያ «አናዘር ሱትኬዝ» እና የመጨረሻው የሬዲዮ ንግግር ይወዳደሩ። የእኔ ሚዛን እዚህ ወደ ማዶና ያዘነብላል፤ ምክንያቴም አስምሩበት ያልሁት ነገር ነው። እውነተኛዋ ኤቫ ከቲያትር ይልቅ በሬዲዮ የታወቀች፣ ማይክራፎን አጠገብ ሆና በማታያቸው ሰዎች ጆሮ መግባትን እንጀራዋ ያደረገች ሴት ነበረች። በቅርብ ማይክራፎን የተዘፈነ ትንሽ ድምፅ ለዚህች ሴት የሚያንስ ሳይሆን የሚስማማ ነው። አስናቀች ወርቁን በክራሯ የሰማ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ተዋናይትም ዘፋኝም የነበረችው እሷ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ማውራት በቀረበ ድምፅ ነበር ልብ የምትሰርቀው። «ስርቅርቅ» የሚለው ውዳሴያችን ለሁሉ ድምፅ እንደማይሠራም ከዚሁ እንማራለን፤ ስለማዶና ሲጻፍ «ያልተጋነነ»፣ «የተቆጠበ»፣ «ጆሮ ሥር የሚወድቅ» የሚሉት ቃላት ይሻላሉ።

አንድ ተጨማሪ ማወዳደሪያ አለ፤ ራሷ ከራሷ ጋር። «ዶንት ክራይ ፎር ሚ አርጀንቲና» ለጭፈራ ቤት በሚሆን ፈጣን ምት እንደገና ተቀናብሮ «ማያሚ ሚክስ» በሚል ወጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ስምንተኛ የደረሰው በዋነኛነት በዚህ መልኩ ነው። ሁለቱን አከታትሎ መስማት ይበቃል። በጭፈራው ቅጂ «ዩ» የሚለው ቃል ማንንም አያናግርም፤ ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ ተዉት።

በመጨረሻ ምስሉ

ፊልሙን ያላየ ሰው እስካሁን ባለማየቱ ተጠቅሟል፤ አሁን ይመልከተው። ሲመለከት ደብተሩን ከፍቶ፣ ምስሉ የትኞቹን ተውላጠ ስሞች እንዳጸደቀና የትኞቹን እንደሻረ ያስተካክል። ከንፈር የማዛመዱ ነገር አንዳንድ ቦታ ይታወቃል፦ ፊቷ የሚያሳየው ድካም ወራት ቀድሞ በስቱዲዮ ከተቀረጸው ድምፅ የሚበልጥበት ትዕይንት አለ። የፊልሙ ቀረጻ በሚካሄድበት ጊዜ ነፍሰ ጡር እንደነበረች፣ ልጇም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 አልበሙ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት እንደተወለደች የሚያውቅ ሰው ይህን ልዩነት በሌላ ዓይን ያየዋል።

ዘዴው ወደ ሌላ አልበም ሲሻገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ድምፁ ከምስሉ በፊት ነው ወይስ ከምስሉ ጋር የተቀረጸው የሚል ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «ሌ ሚዘራብል» ተዋንያኑ ካሜራ ፊት በቀጥታ ዘፍነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው «ዊክድ» ላይም አሪያና ግራንዴና ሲንቲያ ኤሪቮ አብዛኛውን በቀረጻው ቦታ በቀጥታ ነው የዘፈኑት። እነሱ የሚያናግሩት ሰው ከፊታቸው ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ ሦስተኛው ዓምድ እንደ ማዶና የሐሳብ ሕዝብ ሳይሆን እውነተኛ ፊት ያየ ድምፅ ምን እንደሚመስል መመዝገብ አለበት። የእህቴ ልጅ «ዊክድ»ን ጀምራለች፤ እስካሁን የሞላችው አንድ ገጽ ሲሆን፣ በሁለተኛው ዓምድ «አንቺ» የሚለውን ጽፋ ሰርዛ እንደገና «አንቺ» ብላ ጽፋበታለች።